ከተማ ጤፍ አይዘራም፤ ቦታ ግን በእጁ ነው

በ2004 ዓ.ም. በአንድ ወረዳ የንግድ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ የ31 ሴቶች ስም የሰፈረበት ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሁሉም ጉሊት ቸርቻሪዎች ናቸው። መንገዱ ስለሚሰፋ ከአስፋልቱ ዳር ይነሱ፣ በምትኩ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቦታ ይሰጣቸው ይላል። ፈረምኩ። ቦታውን ሄጄ ያየሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያልፍበት መንገድ የሌለው ቦታ ነበር። ከ31ዱ ስድስቱ ብቻ ቀርተዋል። ከስድስቱ አንዷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንተ የሽሮ ሜዳዋ ጉሊት ልጅ አይደለህም እንዴ?" አለችኝ። እናቴን ታውቃታለች። ሌሊት አብረው ተነስተው፣ አንድ ኬሻ ሽንኩርት ለሁለት ተካፍለው፣ ከአትክልት ተራ ሲወጡ የኖሩ ናቸው።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ትዝ አይለኝም። የሆነ ነገር አጉረምርሜ ሄድኩ መሰለኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ከተማ የምግብ ዋስትና በተወራ ቁጥር ግን ያቺ ሴትዮ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። በስብሰባ አዳራሽ ለዓመታት ስንሰማ የኖርነው ነገር አንድ ነው፤ ከተማ ምግብ አያመርትም፣ ስለዚህ የከተማ አስተዳደር በምግብ ጉዳይ እጁ አጭር ነው። ግማሹ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ጤፍ ከአድአ፣ ከበቾና ከጎጃም ይመጣል። ሽንኩርቱ ከመቂና ከፎገራ፣ ድንቹ ከሻሸመኔ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ቆጮው ከጉራጌ። ዝናብ ቀረ ተብሎ ከንቲባ ሊያዘንብ አይችልም። የናፍጣ ዋጋም የዶላር ምንዛሪም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አይወሰንም። ኢሱዙው ሽንኩርቱን ጭኖ ከተማ ከገባ በኋላ ያለው ጉዞ ግን የከተማው ነው። የት ያራግፋል? ማን፣ የት ቁጭ ብሎ ይቸረችረዋል? ቆስጣው የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ ምን ይፈስሳል? የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሽንኩርት ከማን ይገዛል? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ የከተማዋን መሬት የማስተዳደር ሥልጣን ለከተማ አስተዳደሩ ሰጥቶታል። ስለዚህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ የከተማ አስተዳደር የምግብ ፖሊሲ ማለት ቦታ ለማን እንደሚሰጥና ከማን እንደሚነሳ ማለት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 ሚላን ላይ የተከፈተውን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ከፈረሙ ከተሞች አንዷ ናት። መልካም ነው። ስለ ፊርማ ግን እኔን ተዉኝ።

አትክልት ተራን እንውሰድ። ፒያሳ እያለ ጠረኑን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የበሰበሰው ጎመን፣ የፈረጠው ቲማቲም፣ መኪና የሄደበት ብርቱካን። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ጎህ ሳይቀድ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግራችን እንወርድ ነበር። ስንመለስ ሽንኩርቱ በአህያ፣ እኛ በእግራችን፣ ዳገቱን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ቦታው ተጨናንቋል ተባለና ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። ጃን ሜዳ ታቦት የሚያድርበት ነውና ከ2013ቱ ጥምቀት በፊት ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ለሁለቱም ውሳኔ ምክንያት ነበር፤ ፒያሳ ለዚያ ሁሉ ከባድ መኪና አልበቃም ነበር። እኔ በሰማሁት ወሬ ሁሉ ውስጥ ግን ስለ ጉሊቷ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሃይሌ ጋርመንት በከተማዋ ደቡብ ነው። ሽሮ ሜዳ በሰሜን፣ እንጦጦ ሥር። ኮተቤ በምሥራቅ። ሁለት ኬሻ የምትገዛ ሴት ኢሱዙ አትኮናተርም። ከሦስት አራት ጓደኞቿ ጋር ሚኒባስ ትኮናተራለች፤ ለተሸካሚ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች፣ አንዴ ሲጫን፣ አንዴ ሲወርድ። መንገድ ላይ ከሥር ያለው ቲማቲም ይጨፈለቃል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በሽሮ ሜዳ መደብ ላይ ይታያል፤ ከዚያ በቴሌቪዥን "ስግብግብ ነጋዴ" ይባላል። ጅምላ ገበያ ከመሀል ከተማ ሲርቅ ርቀቱ የትም አይጠፋም፤ ችርቻሮው ላይ ይወጣል። ጅምላውን ወደ ዳር ያወጣው ወረቀት በየአቅጣጫው አነስ አነስ ያሉ ማራገፊያዎችንም አብሮ መያዝ ነበረበት። ዘግይቶም ቢሆን ተጀምሯል፤ በለሚ ኩራ፣ በኮልፌና በሌሎችም ክፍለ ከተሞች የግብርና ምርት የገበያ ማዕከላት ተሠርተዋል። ሰፊ ናቸው፣ ጣሪያ አላቸው፣ ጭቃ የለባቸውም። በእናቴ ዘመን ቢኖሩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ማዕከላቱ ግን የጉሊትን ሥራ አይሠሩም። ጉሊት ምን እንደምትሸጥ ቢሮ ያለ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም፤ የጉሊት ልጅ ነኝ የምለው እኔ እንኳ ቢሮ ስገባ ረስቼው ነበር። ጉሊት የምትሸጠው የዛሬን ወጥ ነው። ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ አንድ መደብ ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያ፣ በላስቲክ የተቋጠረች በርበሬ፣ በሃይላንድ የተቀዳች ዘይት። የቀን ሠራተኛ ማታ 12 ሰዓት ላይ የቀኑን ይዞ ሲመለስ የሚገዛው ይህንን ነው። አምስት ኪሎ ቢረክስለት ምን ያደርግለታል? አምስት ኪሎ የሚገዛበት ብር አንድ ላይ ይዞ አያውቅም። ቢገዛስ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት የት ያኖረዋል?

ደግሞ ዱቤ አለ። እናቴ ደብተር አልነበራትም፤ ፊደል አልቆጠረችም። የቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ታሰምር ነበር። ረጅሙ መስመር የመምህሩ፣ ጎባጣው የዘበኛው፣ ሁለት ሁለት የሆነው መንታ የወለደችው ሴትዮ። ወር ሲደርስ የከፈለውን በእርጥብ ጨርቅ ታጠፋለታለች። ጨርቁ ከሰሉን እያዳረሰው ግድግዳው ሁሉ ጥቁር ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አፍር ነበር። ያ ግድግዳ የሰፈሩ ባንክ መሆኑ የገባኝ ጎልምሼ ነው። ዱቤ የሚሰጥ የገበያ ማዕከል እስካሁን አላየሁም። ሸማቾች ማኅበርም ቢሆን ዘይት መጣ ሲባል ለተሰለፈው በተራው ይሰጣል እንጂ እስከ ደመወዝ አይታገስም።

ይህን የምለው ጉሊትን ጻድቅ ላደርጋት አይደለም። ሚዛን የላትም። አንዳንድ ቀን መደቡ ከላይ ትልልቁ፣ ከሥር ጠጠሩ ነው። እናቴም ታደርገው ነበር፣ ነፍሷን ይማርና።

መንግሥት ራሱ ቸርቻሪ ሲሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ የእኔ ትውልድ አይቶታል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ቀበሌን ካቋቋመ በኋላ ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ጤፉም በቀበሌ ሱቅ ሆነ። ካርድ ይዤ ተሰልፌ ያደግኩ ነኝ። ብርቱካን የምናየው ኢትፍሩት ሱቅ ደጃፍ ነው፤ ያውም በለስ ቀንቶን። ያ ሁሉ ሰልፍ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር መንግሥት ቆጥሮ ማደል እንደሚችል፣ መነገድ ግን እንደማይሆንለት ነው። ቦታ ማመቻቸት ላይ ሲሆን ግን ይዋጣለታል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀውን የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ተመልከቱ፤ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲጋግር ነው የተሠራው። የቱንም ያህል ትልቅ ምድጃ ቢኖር ዳቦው ከየሰፈሩ የሚደርሰው ከተማው በየሰፈሩ መሸጫ የምትሆን ጥግ ስለሰጠ ነው።

የእሁድ ገበያ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። በ2014 ዓ.ም. ሲጀመር እኔም "የሰሞኑ ነገር" ብዬው ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሕንፃ የለው፣ ሪባን የለው። አንድ መንገድ ለአንድ ቀን ይዘጋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩና አምራቹ ምርቱን ይዞ ይመጣል፣ ማታ ይነሳል። ባለቤቴ ከቅዳሴ ስትወጣ በዚያው አድርጋ ትመጣለች። እሁድ ያየነውን ዋጋ ይዘን ነው ሰኞ ከባለሱቁ ጋር የምንከራከረው። መንገድ ስድስት ቀን ለመኪና ሆኖ አንድ ቀን ለሽንኩርት ቢውል አገር አልፈረሰም።

ታዲያ ይኸው ሐሳብ ለጉሊቷ ለምን አይሆንም? በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዱን አሳምሮታል፤ መካድ ንፉግነት ነው። እኔ ራሴ ማታ ማታ ለእግሬ ብዬ እዞርበታለሁ። ለእግረኛ፣ ለብስክሌት፣ ለመብራት፣ ለአበባ፣ ለመጸዳጃ ቤት ሁሉ ታስቧል። ጎመን የሚሸጥበት አንድ ክንድ ግን በምዞርባቸው መንገዶች አላየሁም። ጉሊቷ ዘንቢሏን ይዛ ቅያስ ውስጥ ትገባለች። "ደንብ መጣ!" ሲባል ዕቃው ሁሉ በአንድ ሸራ ተጠቅልሎ ይሮጣል። የሚሮጥ ቲማቲም ውድ ነው፤ የፈረጠውን የሚከፍለው የተረፈውን የሚገዛው ሰው ነው።

ልጄ መሐንዲስ ነው። "አባዬ፣ ከተማው ሁሉ ጉሊት ይሁን ነው የምትለው?" ይለኛል። አላልኩም። በየሰፈሩ መግቢያ፣ ሰው ከታክሲ የሚወርድበት አጠገብ፣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ቦታ ይኑር ነው ያልኩት። የውኃ ቧንቧ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ ለሁሉም አንድ የጋራ ሚዛን። ቀኑን ሙሉ ባይሆን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። ስማቸው ይመዝገብ፣ መታወቂያ ይያዙ፣ የቀን ኪራይም ይክፈሉ፤ ለሚያባርራቸው ከሚከፍሉት ይሻላቸዋል። አንድ መኪና ቆሞ የሚውልበት ቦታ ስድስት ጉሊት ይይዛል። በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ፤ ልጄ በሜትር ለክቶ አምስት ነው ብሎኛል። በአምስትም እስማማለሁ።

ከተማው በምግብ ሥራ የቀናው የት ነው ብትሉኝ ያለ ማመንታት ትምህርት ቤት እላለሁ። በበጎ አድራጎት ድርጅት ተጀምሮ የነበረውን ምገባ ከተማው ከ2012 የትምህርት ዘመን ወዲህ በራሱ በጀት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች አዳርሶታል። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበላሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች አብሳይ ሆነው እንጀራ አግኝተውበታል። የልጅ ልጄ የሰኞውን፣ የማክሰኞውን ምግብ በጣቷ እየቆጠረች ትነግረኛለች። የቤታችንን ሽሮ ከትምህርት ቤቱ ታወዳድራለች፤ የእኛው እየተሸነፈ ነው። ቁርስ ሳይበላ ትምህርት ቤት ሄዶ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጥቁር ሰሌዳው የሚዞርበት ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚነቅፍ ሰው ከእኔ ጋር አይግባባም።

ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ከዚህ ወጥ ቤት የሚበልጥ ሽንኩርትና ምስር ገዢ በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔ የማውቃቸው አብሳይ እናቶች ግን በልጅ የተተመነውን ገንዘብ ይዘው እንደ ማንኛችንም ገበያ ይወጣሉ። ዋጋ ሲንር ጭልፋው ይቀጥናል። ትልቁ ገዢ በትንንሽ ዘንቢል ተበታትኖ እየገዛ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ፌዴራል መንግሥቱ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬ ቤተሰቦች ለሚገዛ ምርት እንዲውል አዛለች። ገበሬው ማን እንደሚገዛው አውቆ ይዘራል። እኛም ከአድአና ከመቂ ማኅበራት ጋር መስከረም ሳይጠባ ውል ብናስር፣ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እያለ ባለቤት ነበረው፤ ደላላውም ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር።

ብራዚልን ካነሳሁ አይቀር፣ ቤሎ ኦሪዞንቴ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ምግብን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አድርጋ ለዚሁ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። እዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ሰው የሚበዛበትን ጥሩ ጥሩ ቦታ ለነጋዴ ይሰጣል። ነጋዴውም በምላሹ ሃያ ያህል መሠረታዊ ምርቶችን ከተማው በቆረጠው ርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ የቀረውን እንደ ገበያው። ቦታ ሰጥቶ ዋጋ መግዛት ማለት ይህ ነው። የእኛ ከተማ ዋጋ የሚቆጣጠረው ሱቅ በማሸግ ነው። ሱቅ ሲታሸግ ሽንኩርት አይረክስም፤ ይደበቃል። 22 ዓመት ሳሽግ ኖሬ ነው የምነግራችሁ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልምጣ። በትንሹና በትልቁ አቃቂ ዳር፣ ከመካኒሳና ከጎፋ እስከ አቃቂ፣ በወንዙ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርቱ ገበሬዎች አሉ። ከተማው የሚበላው ቅጠል ብዙው ከዚያ ሲመጣ ኖሯል። ቅጠል ሩቅ መንገድ አይችልም፤ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ስለዚህ ከተማ የግድ ከጎኑ ማብቀል ያለበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ወንዙ ግን የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጋራዥ ዘይትና የሽንት ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ቅጠሎቹን ለዓመታት በተደጋጋሚ ፈትሸው እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ለጤና ከሚፈቀደው በላይ አግኝተውባቸዋል። እናቴ ያን ቆስጣ ስትሸጥ፣ እኛም ስንበላው ነው ያደግነው።

መፍትሔ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ ገበሬውን ማንሳት ነው። ማንሳት ይቀላል፤ አንድ ዝርዝርና አንድ ፊርማ ይበቃዋል። ገበሬው ግን ክሮሚየም አልሠራም። ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ፋብሪካ የሚሠራው በመንግሥት ፈቃድ ነው፤ ቤትን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘትም የከተማው ሥራ ነው። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ሆኗል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ግቢ ግን አሁንም ወደ ወንዙ ይለቃል። ሌላም ስጋት አለኝ። በእኛ ከተማ ወንዝ ዳር ሲጸዳ መናፈሻ ይሆናል። ውኃው ንጹሕ የሚሆንበት ቀን ሲደርስ ገበሬው እዚያ ላይኖር ይችላል። መናፈሻ እወዳለሁ፤ ጎመንም እወዳለሁ። ሁለቱ በአንድ ወንዝ ዳር የማይኖሩበት ምክንያት አይታየኝም። መሬቱ በከተማው ፕላን ላይ "እርሻ" ተብሎ ቀለም ይቀባ፤ ለገበሬውም የማይነቃነቅ ውል ይሰጠው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት ስም በየግቢው ዶሮና በጆንያ ጎመን እያየን ነው፤ ግቢ ላለው ጥሩ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እህቴ ግን በረንዳዋ ልብስ ማስጫ ነው።

የምክር ቤት አባላት፣ ሐምሌ ላይ በጀት ስታጸድቁ ስንት ማዕከል ተሠራ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ስንት ጉሊት ተነሳች፣ የት ሄደች፣ ዛሬስ እዚያ አለች ወይ ብላችሁም ጠይቁልኝ።

በእኔ ወንበር ዛሬ የተቀመጣችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ ዝርዝሩ እናንተም ጋ ይመጣል። ከመፈረማችሁ በፊት ቦታውን ሄዳችሁ እዩት፤ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ በጠዋት፣ በእግራችሁ። እኔ ሳላየው የፈረምኩት ቦታ አሁን ታጥሯል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ውስጡ ሳር ነው ያለው።